አናባቢዋ እህቴ

ወንድ ሆኜ ተወልጄ፣ ወንድ ሆኜ አድጌ፣ በ41 ዓመቴ ማዳጋስካር ውስጥ፣ በእሑድ ምሳ ላይ፣ 14 ሰው እየሰማ በገዛ አፌ ሴት ሆንኩ። ያስገደደኝ የለም። የተናገርኩት ዐረፍተ ነገር ሰዋስው አልጎደለውም፤ አነባበቤም ለእንግዳ ሰው የሚያሳፍር አልነበረም። ጥፋቱ ተናጋሪው እኔ መሆኔ ብቻ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ሙያዬ ሒሳብ ነው። የአንድ የወተት አምራቾች ማኅበር መዝገብ አራት ወር ተቀምጬ እንድመረምር ወደ አንትሲራቤ ተላክሁ። አንትሲራቤ ከዋና ከተማው ከአንታናናሪቮ በስተደቡብ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የስሟ ፍቺ «ብዙ ጨው ያለበት» እንደማለት ነው። ፍል ውኃ አላት፤ «ፑስ ፑስ» የሚሉት በሰው የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አላት፤ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ጋቢ የሚያስናፍቅ ብርድ አላት። እኔ ማዳጋስካር ሲባል ዘንባባና የባሕር ዳርቻ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ሸሚዝ ሁሉ እጅጌው አጭር ነው። ይሁን፣ ስለ ብርዱ ሌላ ቀን አወራለሁ።

መሥሪያ ቤቱ የሚጻጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። የእኔ ፈረንሳይኛ ቦንዡር ብሎ ተነሥቶ ሜርሲ ላይ የሚወድቅ ነው። ታዲያ አገሬው እርስ በርሱ የሚያወራበትን ማላጋሲኛን ብማር ይሻላል አልኩ። ለዚህ ድፍረት የዳረገኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነው። አላሩቢያ ይላል። ረቡዕ! አላካሚሲ ይላል። ሐሙስ! ሳቡትሲና አላሃዲማ ሰንበትና እሑድ ለመሆናቸው ማን ምስክር ይጠራል? ታላታ ላይ ጥቂት ተደናቀፍኩ፤ ግዕዝ ማክሰኞን ሠሉስ እንደሚለው ትዝ ሲለኝ እሱም ተፈታ። ማላጋሲዎች የቀኖቹን ስም የወሰዱት ከዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛና ግዕዝ ደግሞ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ሳምንቱን ጨረስኩት። ሰው በዚህ ካልኮራ በምን ይኮራል?

ዘመዴ መስሎኝ የተጠጋሁት ቋንቋ ግን ዘመድ አዝማዱ ያለው ሌላ ጋ ነው። ኦቶ ክርስቲያን ዳል የሚባል ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት የማላጋሲኛ የቅርብ እህት በቦርኒዮ ደሴት የሚነገረው ማአኛን መሆኑን አሳይቷል። ቦርኒዮ ማለት ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ማላጋሲዎች ፀሐይን «የቀን ዓይን» ይሏታል፤ ማላዮችም እንዲሁ። እኔ ከቀን መቁጠሪያው አልፌ ዘመድ ልሁን ብል የሚያውቀኝ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

ይበልጥ ያኮራኝ ደግሞ «ኢዚ» የምትል ቃል ናት። ኢዚ ማለት እሱም፣ እሷም፣ እሳቸውም ናት። በቃ። በዚያ ቋንቋ ግሥ ጾታ አያውቅም። በእኛ ቋንቋ የሚያወሩትን ሰው ወንድነት ወይም ሴትነት ሳያውቁ «በላህ ወይስ በላሽ» ብሎ መጠየቅ እንኳ አይቻልም፤ በስልክ ድምፁ ግራ ያጋባን ሰው «ማን ልበል?» እያልን የምንሸሸው ለዚህ ነው። ማላጋሲኛ ይህ ጭንቅ የለበትም። ንጉሥም ንግሥትም «ምፓንዛካ» ነው፤ መለየት ካስፈለገ ብቻ ከኋላው ሴት የሚል ይቀጠልበታል። ቢቀጠልም ባይቀጠልም ብዙ አልተቸገሩም፤ እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ፈረንሳዮች የመጨረሻዋን ንግሥት ሣልሳዊት ራናቫሎናን አስወግደው በግዞት እስከ ላኩበት እስከ 1897 ድረስ ወንድ በዙፋኑ የተቀመጠው ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው። እኛ ዘውዲቱን ያነገሥን ጊዜ «ንግሥተ ነገሥታት» የሚል ማዕረግ መፍጠር ነበረብን። «ይህ ቋንቋ ስለ ጾታ ግድ የለውም» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ያች ገጽ አሁንም አለች፤ ቀድጄ ልጥላት አስቤ ተውኩት።

ያረፍኩት አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ማታ ማታ የመጨረሻ ልጃቸው ታስተምረኝ ጀመር፤ እሷ ማላጋሲኛ ትሰጠኛለች፣ እኔ እንግሊዝኛ እሰጣታለሁ። ቋንቋው ከ1820ዎቹ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ራዳማ ዘመን፣ የዌልስ ሚስዮናውያን ባበጁለት የላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ «ኦ» ተጽፎ «ኡ» ይነበባል፣ የቃሉም መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይዋጣል። ስለዚህ የሰማሁትን በራሴ ፊደል መጻፍ መረጥኩ። «ወንድሜ ምን ይባላል?» አልኳት። «አናዳሂኩ» አለችኝ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኩ» የእኔ ማለት ናት። ሄድኩ፣ ደረስኩ ለምንል ሰዎች «ኩ» እንግዳ አይደለችምና ወደድኳት። «እህቴስ?» አልኳት። «ራሃቫቪኩ።» ጻፍኩ። አናዳሂ፣ ወንድም። ራሃቫቪ፣ እህት። ከሥራቸው ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ልጅቷ አልዋሸችኝም። የራሷን ወንድምና የራሷን እህት የምትጠራበትን ነገረችኝ፣ አለቀ።

እሑድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድ ልጆች፣ ሴት ልጆች፣ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች ተሰበሰቡ። ሩዝ እንደ ተራራ ተከምሯል፤ ሩማዛቫ የሚሉት የበሬ ሥጋ በጎመን መሰል ቅጠል የተቀቀለበት መረቅ አለ። ባልቴቷ ወደ እኔ ዞረው «አናካ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ስንት ናችሁ?» ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ማንኪያዬን አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ እንዲህ አልኩ፦ «ማናና አናዳሂ ሩዋ ሲ ራሃቫቪ ኢራይ አሁ።» ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት አለኝ።

መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ ምራት አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ቤቱ ፈረሰ። ባልቴቷ እንባቸውን ላምባ በሚሉት ኩታቸው ጫፍ እየጠረጉ «ታዲያ ስንት ወለድሽ?» የሚል ነገር ተናገሩ። «ወለድሽ» የሚለውን «ሽ» የጨመርኩበት እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ግሥ ጾታ እንደሌለው ነግሬያችኋለሁ። ሳቁ ግን ነበረው።

ያወጣኝ የበኩር ልጃቸው ነው። ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ሹካና ሁለት ማንኪያ ሰብስቦ ፊቴ ደረደረ። ሹካ ወንድ፣ ማንኪያ ሴት። ሁለቱን ሹካዎች አጠጋግቶ «ራሃላሂ» አለ፤ ወንድ ወንድሙን ሲጠራ። ሁለቱን ማንኪያዎች አጠጋግቶ «ራሃቫቪ» አለ፤ ሴት እህቷን ስትጠራ። ከዚያ ማንኪያውን ወደ ሹካው አዙሮ «አናዳሂ»፤ ሴት ወንድሟን ስትጠራ። ሹካውን ወደ ማንኪያው አዙሮ «አናባቪ»፤ ወንድ እህቱን ሲጠራ። አራት ቃል። ሲጨርስ አራቱንም ወደ እኔ ገፋቸውና «አንተ የቱ ነህ?» አለኝ። ሹካ አነሣሁ። ጭብጨባ ሆነ። አንድ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ግን አላመነኝም መሰለኝ፣ እስከምሄድበት ቀን ድረስ ሳህን ሲያቀርብልኝ ሁለት ማንኪያ ያደርግልኝ ነበር።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ብርዱም አለበት። ጾታ የለውም ያልኩት ቋንቋ ጾታውን የደበቀው እኔ ባልፈለግኩበት ቦታ ነው። አማርኛ «አንተ ማነህ፣ አንቺ ማነሽ» እያለ የሚያነጋግረውን ሰው ይመረምራል፤ ተናጋሪውን አይነካውም። «እህቴ» ስል ወንድ ልሁን ሴት ማንም አያውቅብኝም። ማላጋሲኛ ግን እህቴን ስጠራ እኔን ራሴን ይገልጠኛል። ቃሉ የእሷ ስም አይደለም፣ በእሷና በእኔ መካከል ያለው ክር ስም ነው። ክሩን የሴት አድርጌ ጎተትኩት፣ ሴት ሆንኩ።

የሌሊቱ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ አንድ የቆየ ኃጢአት አስታወሰኝ። አዲስ አበባ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። አማርኛ የለቀመው አከራዩ ሴት ልጃቸውን ሲጠሩ እየሰማ ነው። ሰውየው ኃላፊያችንን፣ ባለ ሪዙን፣ ባለ ከዘራውን፣ ምሳ ሰዓት ላይ «ነይ፣ ብዪ!» አላቸው። ወር ሙሉ ሳቅንበት። ሲያልፍ «ነይ ብዪ መጣ» እንባባል ነበር። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አድራሻውን ፈለግሁ፣ አላገኘሁትም።

በማግሥቱ አስተማሪዬ ይቅርታ ልትጠይቀኝ መጣች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣» አለች፤ «ወንድ መሆንህ ትዝ አላለኝም።» ይህን እንደ ማጽናኛ ነው የተናገረችው። ከዚያ በተራዋ ስለ አማርኛ ጠየቀችኝ። ወንበር ወንድ ነው ሴት? አለችኝ። እንደ ፍቅሩ ነው አልኳት፤ ትንሽና የሚያሳሳ ከሆነ «ወንበሯ» እንላለን። ሕፃን ወንድ ልጅንም ስናቆላምጠው «አንቺ» እንለዋለን፤ ሴቷንም «አንተ»። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እና ትናንት እኛ የሳቅነው በምንህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

«አናባቪ» የሚለውን ቃል ግን ሁለተኛ አልረሳሁትም፤ የእኛው «አናባቢ» ነውና። እህቴ ለእኔ አናባቢ ሆነች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ልጅቷ የሰዋስው መጽሐፏን አምጥታ የባሰውን አሳየችኝ። ማላጋሲኛ ተነባቢን «ሬኒሱራትራ»፣ የጽሕፈት እናት ይለዋል። አናባቢን ደግሞ «ዛናትሱራትራ»፣ የጽሕፈት ልጅ። የእኛን ፊደል ሥዬ አሳየኋት። ለ፣ ሉ፣ ሊ። እናቲቱ ለ ቆማለች፤ ልጇን አንዴ በጎኗ፣ አንዴ በእግሯ ሥር ይዛዋለች። የእነሱ ቃል የእኛን ፊደል ከራሳችን የሰዋስው መጻሕፍት ይልቅ አሳምሮ ይገልጸዋል ብል ምሁራኑ ይቆጡኝ ይሆን? ይቆጡ።

ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ማየት ሆነ ሥራዬ። ወንዝ «ሬኒራኑ» ነው፣ የውኃ እናት። ዋና ከተማ የከተማ እናት ነው። የማኅበሩን መዝገብ ስገልጥ ደግሞ የብድሩ ዐምድ ላይ «ዛናቡላ» የሚል አየሁ፤ የገንዘብ ልጅ። ወለድ! ሃያ ዓመት ወለድ ስደምር የኖርኩ ሰው፣ ቃሉ ከመውለድ የመጣ መሆኑን ልብ ያልኩት አንትሲራቤ ነው። የቀን መቁጠሪያው ዘመድነት ብድር ነበር፤ ይህኛው ማንም ከማንም ሳይበደር የተገናኘ ነው። ባልም ሚስትም «ቫዲ» ነው፣ እኛ «ባለቤቴ» እንደምንለው። የባል አባትም የሚስት እናትም «ራፉዛና» ነው፣ እንደ አማት። የአጎትና የአክስት ልጆች ላይ ግን ይበልጡናል፤ ወላጆቻቸው ወንድማማች፣ እህትማማች፣ ወይም ወንድምና እህት መሆናቸው በስማቸው ውስጥ ይነገራል። ድሮ በዚያ ደጋ የሁለት እህትማማቾች ልጆች መጋባት ከባድ «ፋዲ»፣ ነውር ነበር። እስከ ሰባት ቤት ለምንቆጥር ሰዎች ይህ አይገርመንም።

ትምህርቴ ሰመረ ብዬ አንድ ዙማ፣ አርብ ማታ ማለቴ ነው፣ ቤተሰቡን ምግብ ቤት ልጋብዝ አሰብኩ። «ዛሬ ማታ ውጭ ነው የምንበላው» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «መልካም» አሉኝ። ስድስት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ አስይዤ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ለካ በእነሱ ዘንድ «እኛ» ሁለት ነው፤ «ኢሲካ» እናንተን ጨምሮ፣ «ኢዛሃይ» ያለ እናንተ። እኔ ኢዛሃይ ብዬ ነበር። ከማን ጋር እንደምበላ ለመጠየቅ ጨዋነታቸው አልፈቀደም።

አሁን ወደ አንድ ባርኔጣ ታሪክ ልምጣ።

ከመሄዴ በፊት ባልቴቷ ደስ ብሏቸው «ዙኪኩ» ከአንታናናሪቮ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ዙኪ ታላቅ ማለት ነው፤ ዛንድሪ ደግሞ ታናሽ። ዐረፍተ ነገሩን ሳልዋሽ በአማርኛ የምጽፍላችሁ በአንቱታ ብቻ ነው፤ አማርኛም ሲያከብር ጾታ እንደሚተው ያን ጊዜ አላስተዋልኩም። ስለ እኚህ ታላቅ ብዙ ሰምቻለሁ። በሬ ሲገዙ ነጋዴ የማያታልላቸው፣ ሥጋ ሻጭ የሚፈራቸው፣ ዱላ ሳይዙ ከቤት የማይወጡ፣ ሲቆጡ ከጎረቤት የሚሰሙ፣ ጡረታቸውን ራሳቸው ቆጥረው የሚቀበሉ። ኢዚ እንዲህ አደረጉ፣ ኢዚ እንዲያ አሉ። እኔ ጢም አወጣሁላቸው፣ ድምፃቸውን አጎረነንኩት። ከገበያም ጥቁር የወንድ ፌልት ባርኔጣ ገዛሁላቸው፤ ጥሩ ቦርሳሊኖ የሚመስል።

ባልቴቷ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ታክሲ ብሩስ የሚሉት ሚኒባስ ከሚቆምበት መናኸሪያ እንግዳዋን የምቀበላቸው እኔ ሆንኩ። መኪናው ቆመ። ሰው መውረድ ጀመረ። ላምባ የተከናነቡ፣ ዱላ የያዙ ረጅም ወይዘሮ ወረዱ፤ መንገድ ለቀቅሁላቸው። ከኋላቸው አንድ ጢማም ሽማግሌ ወረዱ። ዱላ የላቸውም፣ ግን ቀሪው ሁሉ ልክ ነው። «ዙኪ!» ብዬ ተጠጋሁ፣ እጅ ነሣሁ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጄ አቀረብኩ። ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ፣ እግዜር ይስጥህ በሚመስል ድምፅ አመስግነው ባርኔጣውን አናታቸው ላይ ደፉት።

ትከሻዬን አንድ ነገር ነካኝ። ዱላ ነው። ረጅሟ ወይዘሮ ፎቶዬን ስልካቸው ላይ ይዘው ያመሳክሩኛል። «ያ እህቶቹንና ወንድሞቹን የሚያምታታው አንተ ነህ?» አሉኝ፤ ዝናዬ ቀድሞኝ አንታናናሪቮ ደርሷል። ነኝ አልኩ። «ባርኔጣው የማነው?» አሉኝ። እውነቱን ተናገርኩ። ወይዘሮዋ ወደ ሽማግሌው ሄዱ፣ «አዛፋዲ» አሉ፣ ይቅርታ ማለት ነው፣ ባርኔጣውን ከራሳቸው ላይ አንሥተው በገዛ ራሳቸው ላይ ደፉት፤ ከዚያ ፑስ ፑስ ጠሩና ተሳፈሩ። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ወይዘሮዋ በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ባርኔጣውን ደፍተው ነው። ሽማግሌው ላይ ሰፍቶ ነበር፤ እሳቸው ላይ ልክ ሆነ።